በአውቶሜትድ የብራውዘር ቴስት ውስጥ ብቅ ባይ መልእክቶችን ለይቶ መያዝ

ብራውዘርን በኮድ እያዘዘ ገጽን የሚፈትን የብራውዘር ቴስት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚባክነው ብቅ ባዩን መልእክት በሌለበት ቦታ በመፈለግ ነው። በስክሪን ላይ ሲታዩ የሚመሳሰሉ መስኮቶች ከውስጥ ሲታዩ ይለያያሉ። አንዱ የገጹ ኤለመንት ነው፤ ሌላው ብራውዘሩ ራሱ የሚያወጣው ነው፤ ሌላው ደግሞ ራሱን የቻለ አዲስ መስኮት ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የተጻፈ የመጠበቂያ ኮድ የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ ምንም አያገኝም። ስለዚህ ከኮዱ በፊት መለየቱ ይቀድማል።

ዓይነቱን መለየት

ገጹን በእጅ ከፍተው መልእክቱ እንዲወጣ ያድርጉ። መልእክቱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ኢንስፔክት» የሚለውን መምረጥ ከቻሉ በኤችቲኤምኤል የተሠራ የገጹ አካል ነው። ቀኝ ክሊክ ምንም ካላመጣ፣ ከኋላ ያለው ገጽም አልነካ ካለ፣ የጃቫስክሪፕት ዲያሎግ ነው፦ መልእክት ብቻ የሚያሳይ አለርት፣ አዎ ወይም አይ የሚጠይቅ ኮንፈርም ወይም ጽሑፍ የሚጠይቅ ፕሮምፕት። እነዚህ ሦስቱ መልስ እስኪያገኙ ድረስ የገጹን ጃቫስክሪፕት ያቆማሉ። ገጹ ላይ የሚሮጥ ሰዓት ቆጣሪ ካለ መልእክቱ እንደወጣ ቀጥ ይላል።

መልእክቱ ከአድራሻ ማስገቢያው ሥር ወጥቶ ስለ ካሜራ፣ ስለ አካባቢ ወይም ስለ ማሳወቂያ የሚጠይቅ ከሆነ የብራውዘሩ ፈቃድ መጠየቂያ ነው። ገጹ ሳይከፈት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ጥያቄው ከሰርቨሩ የመጣ ነው። የራሱ አድራሻ ማሳያ ያለው ከሆነ ደግሞ አዲስ መስኮት ነው። ለእያንዳንዱ መንገዱ የተለያየ ነው፤ አንዱ ላይ የሚሠራው ሌላው ላይ አይሠራም።

የጃቫስክሪፕት ዲያሎግ በሴሌኒየም

አለርት በዶም (ብራውዘሩ የገጹን ኤለመንቶች በሚይዝበት መዋቅር) ውስጥ የለም። ኤለመንት በሚፈለግባቸው መንገዶች፣ በሲኤስኤስም ሆነ በኤክስፓዝ፣ ቢፈለግ አይገኝም። ብራውዘርን በኮድ የማዘዣው የዌብድራይቨር መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2018 የድር መስፈርቶችን በሚያወጣው በደብሊውስሪሲ ሲጸድቅም ለዚህ ለብቻው አራት ትእዛዞች ተቀምጠውለታል፦ ጽሑፉን ማንበብ፣ መቀበል፣ መሰረዝ እና ጽሑፍ ማስገባት። በዚሁ መስፈርት በሚሠራው የቴስት መሣሪያ፣ በሴሌኒየም፣ ሁሉም የሚገኙት «ስዊች ቱ አለርት» በሚለው በኩል ነው።

በትእዛዙ ወዲያው መጠቀም ግን ችግር አለው። አዝራሩ ከተነካ በኋላ ገጹ ሰርቨሩን ጠይቆ መልስ ሲመጣ ብቻ አለርቱን የሚያወጣ ከሆነ፣ ስክሪፕቱ ቀድሞ ይደርስና «ኖ ሰች አለርት» የሚለው ስህተት ይመጣል። ያንን ለማለፍ ቋሚ የሦስት ሰከንድ «ስሊፕ» ማስገባት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሰርቨሩ በፈጠነ ቀን ጊዜ ያባክናል፣ በዘገየ ቀን ደግሞ ቴስቱን ይጥላል። ትክክለኛው መንገድ «ዌብድራይቨር ዌይት»ን «አለርት ኢዝ ፕሬዘንት» ከሚለው ሁኔታ ጋር መጠቀም ነው። በፓይተን ይህ መጠበቂያ ካልተቀየረ በየግማሽ ሰከንዱ ይፈትሻል፤ አለርቱ ሲገኝ ራሱን አለርቱን ስለሚመልስ ድጋሚ ወደ አለርቱ መዞር አያስፈልግም። ከፍተኛውን ጊዜ አምስት ወይም አሥር ሰከንድ አድርጎ መጀመር ለአብዛኛው ገጽ ይበቃል፤ አለርቱ እንደወጣ ስለሚያልፍ ጊዜው ረዘም ማለቱ የሚያልፈውን ቴስት አያዘገይም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አዝራሩን ክሊክ ያድርጉ። አለርቱን ይጠብቁ። ጽሑፉን አንብበው በተለዋዋጭ ያስቀምጡ። ከዚያ ይቀበሉ ወይም ይሰርዙ። በመጨረሻ የተቀመጠውን ጽሑፍ ከሚጠበቀው ጋር ያነጻጽሩ። ማነጻጸሩ ከመቀበሉ በኋላ የመጣው በምክንያት ነው፤ ማነጻጸሩ አለርቱ ክፍት እያለ ቢወድቅ አለርቱ ተንጠልጥሎ ይቀርና ቀጣዩን ቴስት ይዞ ይወድቃል። ጽሑፉን ከተቀበሉ በኋላ ለማንበብ መሞከርም አይሠራም፤ አለርቱ ያን ጊዜ የለም።

የሚነበበው ጽሑፍ ገጹ የላከው መልእክት ብቻ ነው። ብራውዘሩ ከላይ የሚጽፈው የገጹ አድራሻ ያለበት ርእስ አይካተትም፤ በማነጻጸሪያው ውስጥ ከተጨመረ ቴስቱ ሁልጊዜ ይወድቃል።

ለአለርት መቀበልና መሰረዝ ልዩነት የላቸውም። ለኮንፈርም መቀበል «ትሩ» (እውነት)፣ መሰረዝ «ፎልስ» (ሐሰት) ይመልሳል። ፕሮምፕት ላይ ደግሞ ብዙ ገጽ የሚሳሳትበት ልዩነት አለ፤ ባዶ አድርጎ መቀበል ባዶ ጽሑፍ ይመልሳል፣ መሰረዝ ግን «ነል» (ምንም ዋጋ የለም) ይመልሳል። ሁለቱም በየራሳቸው መሞከር አለባቸው፤ ገጹ «ነል»ን ሳይጠብቅ ርዝመቱን ለመቁጠር ሲሞክር የሚሰበርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ክሮም ላይ ወደ ፕሮምፕቱ የተላከው ጽሑፍ በሳጥኑ ውስጥ ላይታይ ይችላል፤ ሲቀበሉት ግን ለገጹ ይደርሳል። ስለዚህ ማረጋገጫው ገጹ በተቀበለው ዋጋ ላይ እንጂ በዓይን በሚታየው ላይ አይሁን። አለርት ወይም ኮንፈርም ላይ ጽሑፍ ለማስገባት መሞከር ደግሞ ስህተት ይሰጣል።

ብራውዘሩ ቀድሞ ሲዘጋው

ብዙ ሰው የሚደናገርበት ይህ ነውና ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። አንድ ቴስት «ሰርዝ» የሚል አዝራር ነካ እንበል። ገጹ ከ300 ሚሊሰከንድ በኋላ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ኮንፈርም ያወጣል። ቴስቱ ግን አለርቱን ሳይጠብቅ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ረድፎች ለመቁጠር ይሄዳል። ትእዛዞችን ለብራውዘሩ ወደሚያደርሰው ፕሮግራም፣ ወደ ድራይቨሩ፣ ያ ትእዛዝ የደረሰው 300 ሚሊሰከንዱ ካለፈ በኋላ ከሆነ ኮንፈርሙ ክፍት ነው። ድራይቨሩ «አንኤክስፔክትድ አለርት ኦፕን» የሚል ስህተት ይመልሳል። የቴስቱ ጸሐፊ ስህተቱን ይይዝና በመያዣው ውስጥ አለርቱን ለመቀበል ይሞክራል። አሁን የሚመጣው ስህተት «ኖ ሰች አለርት» ነው። አለርት ክፍት ነው ተብሎ ወዲያው አለርት የለም መባሉ እርስ በርሱ የሚጣረስ ይመስላል።

ምስጢሩ «አንሃንድልድ ፕሮምፕት ቢሄቪየር» በሚባለው የሴሽን (ቴስቱ ከብራውዘሩ ጋር የሚሠራበት ክፍለ ጊዜ) ቅንብር ውስጥ ነው። ምንም ካልተቀየረ ዋጋው «ዲስሚስ ኤንድ ኖቲፋይ» ነው፤ ማለትም ድራይቨሩ ያልተጠበቀ ዲያሎግ ሲያገኝ መጀመሪያ ይሰርዘዋል፣ ቀጥሎ ስህተቱን ያሳውቃል። ስህተቱ ቴስቱ ጋ ሲደርስ ኮንፈርሙ ተዘግቷል፣ ገጹም «አይ» የሚል መልስ ተቀብሏል። ረድፉ አልተሰረዘም። ስለዚህ በስህተት መያዣ ውስጥ ዲያሎጉን ለማግኘት መሞከር ትርጉም የለውም። የሚተርፈው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ በፓይተን የስህተቱ «አለርት ቴክስት» በሚለው፣ በጃቫ ደግሞ «ጌት አለርት ቴክስት» በሚለው ይገኛል። ሎግ (የቴስቱ መዝገብ) ላይ ሳይጻፍ መቅረት የለበትም።

ከሌሎቹ ዋጋዎች ሁለቱ፣ ማለትም «ዲስሚስ» እና «አክሴፕት»፣ ሳያሳውቁ ይዘጋሉ። ቴስቱ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ቴስት እንዲያልፍ ሲባል «አክሴፕት» የሚለውን ማስገባት እጅግ አደገኛ ነው፤ ገጹ «ክፍያው አልተሳካም» የሚል አለርት ቢያወጣ እንኳ ማንም አያውቅም። «ኢግኖር» የሚለው ደግሞ ዲያሎጉን አይነካውም፤ ቴስቱ እስኪዘጋው ድረስ ገጹን የሚነካ ትእዛዝ ሁሉ ስህተት ይመልሳል። ዓላማው መልእክቶችን መያዝ ከሆነ «ኢግኖር» ይሻላል፤ ሁሉንም ነገር በግልጽ ለመያዝ ያስገድዳል።

በዚያው ቅንብር ምክንያት አለርት መኖሩን የገጹን ርእስ በመጠየቅ ለመፈተሽ መሞከርም ስህተት ነው። ርእስ የመጠየቅ ትእዛዝ ራሱ ዲያሎጉን ያስዘጋል። መፈተሻው ሁልጊዜ በአለርት ትእዛዞች በኩል ይሁን።

ቴስቱና ብራውዘሩ በሁለቱም አቅጣጫ የሚነጋገሩበትን ዌብድራይቨር ባይዳይን የሚደግፍ ድራይቨር ካለ ደግሞ እየደጋገሙ መጠየቅ ሳያስፈልግ ብራውዘሩ ራሱ «ዩዘር ፕሮምፕት ኦፕንድ» የሚል ክስተት ይልካል። እዚህም ቢሆን ቅንብሩ «ኢግኖር» ካልተደረገ ድራይቨሩ ቀድሞ ይዘጋዋል።

በፕሌይራይት፣ በፐፔቲር እና በሳይፕረስ

በእነዚህ ሌሎች የቴስት መሣሪያዎች ውስጥ አስተሳሰቡ ይገለበጣል። በሴሌኒየም መጀመሪያ ክሊክ፣ ቀጥሎ መጠበቅ ነው። እዚህ ግን የዲያሎጉን ክስተት (ፕሌይራይትና ፐፔቲር ላይ «ዲያሎግ» የሚባለውን) የሚያዳምጠው ኮድ፣ አዳማጩ፣ ከክሊኩ በፊት መመዝገብ አለበት። ክሊኩን መጀመሪያ ጽፎ እስኪያልቅ ጠብቆ ከዚያ ዲያሎጉን መያዝ አይቻልም፤ ፐፔቲር ላይ ክሊኩ ዲያሎጉ እስኪዘጋ ይጠብቃል፣ ዲያሎጉ ክሊኩ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ቴስቱም በጊዜ ገደብ ይወድቃል፤ ፕሌይራይት ላይ ደግሞ ዲያሎጉ በራሱ ተሰርዞ ያመልጣል።

ፕሌይራይት ላይ አዳማጭ ካልተመዘገበ ዲያሎጎች በራሳቸው ይሰረዛሉ። አዳማጭ ከተመዘገበ ግን ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የአዳማጩ ነው፤ መልእክቱን ሎግ ላይ ጽፎ ብቻ ሳይቀበልም ሳይሰርዝም ከተወው ገጹ ደርቆ ይቀራል። ፐፔቲር ላይ በራሱ የሚዘጋ ነገር የለም፤ አዳማጭ ከሌለ ገጹ ይቆማል። ሳይፕረስ አለርትንም ኮንፈርምንም በራሱ ይቀበላል፤ ኮንፈርሙ እንዲሰረዝ ከተፈለገ የኮንፈርሙን ክስተት በሚይዘው ኮድ ውስጥ «ፎልስ» መመለስ ያስፈልጋል። ያው ኮንፈርም፣ ምንም ሳይጻፍ፣ ፕሌይራይት ላይ «አይ»፣ ሳይፕረስ ላይ «አዎ» ተብሎ ይመለሳል ማለት ነው። ቴስቶችን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ይህ ልዩነት መታወስ አለበት።

በሦስቱም ውስጥ ተደብቆ የሚኖር አንድ ጉድለት አለ፤ ማነጻጸሪያውን በአዳማጩ ውስጥ መጻፍ። አለርቱ ጨርሶ ካልወጣ አዳማጩ አይጠራም፣ ማነጻጸሪያውም አይሠራም፣ ቴስቱም ያልፋል። አለርቱ መውጣቱን ሊያረጋግጥ የተጻፈው ቴስት አለርቱ ባለመውጣቱ አለፈ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከአዳማጩ ውጭ ባዶ ዝርዝር ያዘጋጁ፣ አዳማጩ የዲያሎጉን ዓይነትና ጽሑፍ በዝርዝሩ ውስጥ አስቀምጦ ዲያሎጉን ይዝጋ፣ ከክሊኩ በኋላ ዝርዝሩ አንድ መልእክት እንዳለውና መልእክቱ የሚጠበቀው መሆኑን ያረጋግጡ። ቁጥሩን ማረጋገጥ አይዘለል፤ ያው አለርት ሁለት ጊዜ መውጣቱ ራሱ የገጹ ስህተት ነው፣ ብዙ ጊዜም አንድ አዝራር ላይ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ኮድ ምልክት ነው።

አለርት አለመውጣቱን ማረጋገጥ

ይህ ከመውጣቱ ይልቅ ይከብዳል። አምስት ሰከንድ ጠብቆ ካልወጣ «የለም» ማለት እያንዳንዱን ቴስት በአምስት ሰከንድ ያዘገያል፤ በስድስተኛው ሰከንድ ቢወጣም አያየውም። የሚሻለው ሥራው መጠናቀቁን የሚያሳይ ሌላ ምልክት መጠበቅ ነው፤ ለምሳሌ አዲሱ ረድፍ በሰንጠረዡ ውስጥ መታየቱን። ያ ምልክት ከታየ በኋላ አለርት መኖሩን ሳይጠብቁ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈትሹ።

ሌላው መንገድ የገጹን «አለርት» ፋንክሽን በራስ ፋንክሽን መተካትና ጥሪዎቹን መመዝገብ ነው። ገጹ ከመጫኑ በፊት መግባት አለበት፤ ፕሌይራይት ላይ «አድ ኢኒት ስክሪፕት»፣ ክሮም ላይ በዴቭቱልስ ፕሮቶኮል «አድ ስክሪፕት ቱ ኢቫሉዌት ኦን ኒው ዶኪውመንት» በሚለው። ገጹ ከተጫነ በኋላ በ«ኤክስኪዩት ስክሪፕት» ከተተካ፣ ገጹ ሲከፈት የወጡት አልፈዋል። የሚያጣው ነገርም መታወቅ አለበት፦ የተተካ አለርት ጃቫስክሪፕቱን አያቆምም፣ የተተካ ኮንፈርም ደግሞ በግልጽ «ትሩ» ካልመለሰ ገጹ «አይ» እንደተባለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ለመቁጠር ጥሩ ነው፤ የተጠቃሚውን ትክክለኛ አካሄድ ለመፈተን ግን አይሆንም።

አለርት ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ በማያቋርጥ ሁኔታ የማይወጣ ከሆነ ኮዱ የተጠራበትን ቦታ ይመልከቱ። «ሳንድቦክስ» የተደረገ (ማለትም የተገደበ) እና «አላው ሞዳልስ» የሚለው ፈቃድ ያልተሰጠው አይፍሬም (በገጹ ውስጥ የተከተተ ሌላ ገጽ) ውስጥ አለርት ቢጠራ ብራውዘሩ አያሳየውም። ገጹ በሚዘጋበት ቅጽበት፣ በ«አንሎድ» ውስጥ፣ የተጠራም እንዲሁ ዝም ይባላል።

ከገጹ የመውጫ ማስጠንቀቂያ

ያልተቀመጠ ጽሑፍ እያለ ገጹን ለቅቆ ሲወጡ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ «ቢፎር አንሎድ» ይባላል። ብራውዘሮች አሁን የገጹን ጽሑፍ ትተው የራሳቸውን ስለሚያሳዩ ጽሑፉን ማነጻጸር አይጠቅምም። ተጠቃሚው ገጹን አንድ ጊዜ እንኳ ካልነካ ጨርሶ አይወጣም፤ ቴስቱ መጀመሪያ ሳጥን ውስጥ መጻፍ ወይም ክሊክ ማድረግ አለበት። በመደበኛው ዌብድራይቨር ወደ ሌላ ገጽ ሲኬድ ድራይቨሩ በራሱ ያልፈዋል። ፕሌይራይት ላይ ገጽ ሲዘጋ እንዲሠራ «ራን ቢፎር አንሎድ» የሚለውን «ትሩ» ማድረግ ያስፈልጋል።

በኤችቲኤምኤል የተሠሩ

አሁን በአብዛኛው ገጽ ላይ የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ለእነሱ የአለርት ትእዛዝ አይሠራም፤ እንደማንኛውም ኤለመንት ይፈለጋሉ። «ሮል» የሚለው አትሪቢዩት «ዲያሎግ» ወይም «አለርትዲያሎግ» የሆነውን መፈለግ በክላስ ስም ከመፈለግ ይሻላል፤ የክላስ ስም ዲዛይን በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል።

ብዙ ሞዳል (ገጹ ላይ ተደርቦ የሚወጣ የኤችቲኤምኤል መስኮት) ገጹ ሲከፈት ጀምሮ በዶም ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ስለዚህ መኖሩን ሳይሆን መታየቱን ይጠብቁ። ሲዘጋም እንዲሁ፤ ከኋላው ያለው ጥላ ቀስ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ቀጣዩ ክሊክ ጥላው ላይ ያርፍና «ኤለመንት ክሊክ ኢንተርሰፕትድ» የሚል ስህተት ይመጣል። ይህ ስህተት ጠቃሚ መረጃ ይዟል፦ ክሮም ላይ ክሊኩን የትኛው ኤለመንት ሊቀበለው እንደነበር መልእክቱ ውስጥ ይጽፋል። ሳይታሰብ የወጣውን ብቅ ባይ ለማወቅ ከዚህ የፈጠነ መንገድ የለም። ስህተቱን ለማምለጥ በጃቫስክሪፕት ክሊክ ማድረግ ግን ተጠቃሚው ሊነካው የማይችለውን አዝራር እንደተነካ ያስመስላል፤ ቴስቱ ሊያገኘው የተጻፈለትን ስህተት ይሸፍናል።

ማእዘን ላይ ወጥቶ ከሁለት ከሦስት ሰከንድ በኋላ የሚጠፋ ትንሽ መልእክት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ቴስቱ ሌላ ነገር ሲጠብቅ መልእክቱ መጥቶ ይሄዳል። ከክሊኩ በፊት የገጹን ለውጥ የሚከታተለውን «ሚውቴሽን ኦብዘርቨር» ገጹ ውስጥ አስገብተው፣ «ሮል» አትሪቢዩታቸው «አለርት» ወይም «ስታተስ» የሆኑ ኤለመንቶችን ጽሑፍ በዝርዝር ያስቀምጥ፤ በኋላ ዝርዝሩን ያንብቡ። መልእክቱ ቢጠፋም መዝገቡ ይቀራል።

ሞዳሉ በዓይን እየታየ አልገኝ ካለ አይፍሬም ወይም ሻዶው ዶም (ከዋናው ዶም የተለየ፣ በተለመደው ፍለጋ የማይገኝ ክፍል) ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለአይፍሬም መጀመሪያ ወደ ፍሬሙ መዞር፣ ለሻዶው ዶም በሴሌኒየም 4 «ሻዶው ሩት» የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል። የኩኪ ፈቃድ መጠየቂያን ግን በየቴስቱ መዝጋት ድካም ነው፤ ፈቃዱን የሚመዘግበውን ኩኪ ቀድሞ ማስገባት ይሻላል። መቼ እንደሚወጣ ለማይታወቅ ሞዳል ፕሌይራይት ከ1.42 ጀምሮ «አድ ሎኬተር ሃንድለር» አለው።

ብራውዘሩ የሚያወጣቸው እና አዲስ መስኮቶች

ፈቃድ መጠየቂያን በቴስት ለመንካት መሞከር አያዋጣም፤ መልሱን ቀድሞ መስጠት ነው። ክሮም ላይ በፕሮፋይሉ ቅንብር ለማሳወቂያ 1 ከተሰጠ ይፈቅዳል፣ 2 ከተሰጠ ይከለክላል። ፕሌይራይት ላይ «ግራንት ፐርሚሽንስ» አለ። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መጠየቂያም እዚያው በ«ኤችቲቲፒ ክሬደንሻልስ» ቅንብር ይታለፋል። ፋይል መምረጫ መስኮትም አይከፈት፤ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ በቀጥታ ወደ ፋይል ማስገቢያው ኤለመንት መላክ ይበቃል።

ለአዲስ መስኮት ከክሊኩ በፊት ያሉትን የመስኮት መለያዎች ይያዙ፣ ቁጥሩ በአንድ እስኪጨምር ይጠብቁ፣ አዲሱን መለያ ለይተው ወደ እሱ ይዙሩ። ሴሌኒየም በራሱ አይዞርም። ክሮምድራይቨር ብራውዘሩን ሲያስነሳ የብቅ ባይ መስኮት መከላከያውን እንደሚያጠፋም አይርሱ። ተጠቃሚው ሳይነካ በራሱ የሚከፈት መስኮት በቴስት ይከፈታል፣ በእውነተኛ ተጠቃሚ ብራውዘር ግን ይታገዳል። መከላከያው እንዲሠራ «ዲሴብል ፖፕአፕ ብሎኪንግ» የሚለውን «ኤክስክሉድ ስዊችስ» ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።

ከቴስቱ በኋላ

በእያንዳንዱ ቴስት ማጽጃ ክፍል ውስጥ፣ ከስክሪንሾቱም በፊት፣ የተረፈ ዲያሎግ መኖሩን ይፈትሹ። ካለ ጽሑፉን ከቴስቱ ስም ጋር ሎግ ላይ ጽፈው ይዝጉት፤ ስክሪንሾቱ የሚስለው ገጹን ብቻ ስለሆነ የጃቫስክሪፕት ዲያሎግ በምስሉ ላይ አይታይም። አንዱ ሲዘጋ ሌላ የሚያወጣ ገጽ ስላለ መዝጊያው በተደጋጋሚ ይሞክር፣ ግን ገደብ ይኑረው፤ አምስት ጊዜ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከወጣ ማለቂያ የሌለው ዙር ነውና ሴሽኑን ዘግተው በአዲስ ብራውዘር ይጀምሩ።